ከፍሎ ደጅ መጥናት፦ ጌም በወጣ ቀን ሰርቨሩ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄህ ይሄ ነበር፦ «ለወራት የጠበቅኩት ጌም ወጣ። ሰርቨሩ ሞልቷል እያለ አላስገባ አለኝ። ብቻዬን የምጫወተውን ክፍል እንኳ መክፈት አልቻልኩም። ይሄን ያህል ገንዘብ ያላቸው ድርጅቶች ለምን ሁልጊዜ ያው ነገር ይደርስባቸዋል? ብቻዬን ለምጫወተው ነገርስ ኢንተርኔት ምን አገባው? ገንዘቤን ላስመልስ ወይስ ልጠብቅ?»

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም ተጫዋች ነኝ። በሥራዬ ደግሞ ሰርቨር (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የድርጅቱ ኮምፒውተር) የሚጠብቅ ቡድን ውስጥ ነው ያለሁት፤ የጌም ሳይሆን የሌላ አገልግሎት፣ ግን ጣጣው አንድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። የሰርቨር መውደቅ አንድ ነው። ብቻህን የምትጫወተው ጌም ሰርቨሩን ተከትሎ መውደቁ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ይቅር ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ግን ከአንተ ብሼ እናደዳለሁ።

ከሰርቨሩ ልጀምር። «ለምን ተጨማሪ ማሽን አይገዙም?» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚታነቀው ጨዋታው የሚካሄድበት ማሽን አይደለም። እሱ ባዶውን ሊቀመጥ ይችላል። የሚታነቀው በሩ ነው። አካውንትህን የሚያረጋግጠው፣ ጌሙን መግዛትህን የሚያጣራው፣ የት እንደደረስክ የሚያስታውሰው ዳታቤዝ። ማሽን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨመራል። ሁሉም ሰው የሚጽፍበትን ዳታቤዝ ግን ሥራ ላይ እያለ፣ ሕዝብ በር ላይ እየጮኸ፣ ከፋፍሎ ማስፋት የዋዛ አይደለም።

የሚሆነውን ጠጋ ብለህ ብታየው እንዲህ ነው። አንድ ሰው «ግባ» የሚለውን ይጫናል። በሩ ላይ ያለው አገልግሎት ከኋላው ያሉትን ሦስት አራት ሌሎች አገልግሎቶች ይጠይቃል። አንዱ ይዘገያል። ሰውየው ስክሪን ላይ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ትዕግስቱ ያልቅና ዘግቶ ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አልጠፋም። እዚያ ወዲያ እየተሠራ ነው፤ መልሱን የሚቀበል ሰው ብቻ የለም። ሰርቨሩ አሁን ለአንድ ሰው ሁለት ሥራ እየሠራ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ለማንም የማይጠቅም። ይሄን በመቶ ሺዎች አባዛው። ከዚያ ላይ ጌሙ ራሱ፣ ሰው ሳይነካው፣ በየጥቂት ሴኮንዱ መልሶ እንዲሞክር ተደርጎ ተሠርቶ ከሆነ ጉድ ፈላ።

እኛ ቢሮ የሚያስቀው (በኋላ ሲታሰብ ነው የሚያስቀው) ነገር፣ የተጠቃሚው ቁጥር ፍንክች ሳይል የጥያቄው ቁጥር ብቻ ሽቅብ ሲወጣ ማየት ነው። አገልግሎቱን አጥፍተህ ስታስነሳው ደግሞ ውጭ የቆመው ሁሉ ባንዴ ይገባና ገና ዓይኑን ሳይገልጥ መልሰው ይጥሉታል። ወረፋ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። በፊትህ ይሄን ያህል ሺህ ሰው አለ የሚለው ቁጥር ያበግናል፤ አውቃለሁ። ግን ወረፋ ያለው ጌም ከሌለው ይሻላል። ቢያንስ የሆነ ሰው በሩን ይዞታል ማለት ነው።

«ቀድመው አይሞክሩትም እንዴ?» ትል ይሆናል። ይሞክሩታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 በኅዳር 2024 ሲወጣ ሰው የመጫኛው መስመር 97 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ እያለበት ተቸገረ። አዘጋጆቹ በዚያው ቀን ወጥተው በ200,000 ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ ሞክረነው ነበር፣ በእውነተኛው ሰው ብዛት ግን መረጃ በጊዜያዊነት የሚያቆየው ክፍል አልቻለም ብለው አስረዱ። ፖኬሞን ጎ በ2016 ሲወጣ ደግሞ ግምታቸው እጅግ ቢከፋ ከታሰበው አምስት እጥፍ ይመጣል የሚል ነበር። የመጣው የጥያቄ ብዛት ከታሰበው 50 እጥፍ እንደነበር ሰርቨሩን ያቀረበላቸው ጎግል ክላውድ በኋላ ጽፏል። አምስት ጠብቆ 50 የመጣበትን ሰው ምን ትለዋለህ?

ሌላው የሰው ጠባይ ነው። ሄልዳይቨርስ 2 በየካቲት 2024 ሲወጣ አዘጋጆቹ ባንዴ የሚገባውን ሰው ብዛት መጀመሪያ በ450,000 ገደቡት፣ ቀጥለው ወደ 700,000 ከፍ አደረጉት። አሁንም አልበቃም። ምክንያቱም አንዴ የገባ ሰው ከወጣሁ መልሼ አልገባም ብሎ ጌሙን ክፍት ትቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ይተኛል። ውጭ ያለው ይጮኻል፤ ውስጥ ያለው እንቅልፉን ይለጥጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠውን የሚያስወጣ ነገር የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲባል ድርጅቶቹ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሒሳብም አለበት። ያ ግርግር የሚቆየው አንድ ወይ ሁለት ሳምንት ነው። ለዚያ ብለው አቅሙን እጥፍ ድርብ ማዘጋጀት ወጪ ነው፤ አንተ ደግሞ ቀድመህ ከፍለሃል። ቀድሞ የከፈለ ሰው ቢጮኽም የትም አይሄድም ብለው የሚያስቡ አለቆች አሉ። እንደዚያ የማያስቡም አሉ። ፋይናል ፋንታሲ 14 በታኅሣሥ 2021 ኤንድዎከር የተባለው ማስፋፊያው ሲወጣ ወረፋው ሰዓታት ፈጀ። ወቅቱ የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት የነበረበት ስለሆነ አዲስ ሰርቨር በገንዘብም አይገኝም ነበር። ምን አደረጉ? ለከፈሉት ነፃ የመጫወቻ ቀናት ጨመሩ፣ ጌሙን መሸጥ አቆሙ፣ መልሰው መሸጥ የጀመሩት በጥር 2022 መጨረሻ ላይ ነው። በር ላይ ሰው ተጨናንቆ እያለ ትኬት መሸጥ ማቆም ማለት ይሄ ነው። ያ ደግሞ በባሕርይው ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጌም ስለሆነ ያለ ሰርቨር አይሆንም። እንዲህ ላለው እኔ ትዕግስት አለኝ።

አሁን ወደሚያቃጥለው እንምጣ። ብቻህን ለምትጫወተው ነገር ሰርቨር ምን ይሠራል?

የሚሰጡህ ምክንያቶች ይታወቃሉ። ኮፒ እንዳይደረግ፣ ሰው እንዳያጭበረብር፣ ከጓደኞችህ ጋር «እንድትገናኝ»። የማይነግሩህ ደግሞ በጌሙ ውስጥ የሚሸጠው ልብስና ሳንቲም ነው። ፋይሉ አንተ ቤት ከሆነ ሳንቲሙን ራስህ ታበዛዋለህ፤ እነሱ ጋ ከሆነ ግን ትገዛለህ። ቢያንስ እኔ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው።

ዩቢሶፍት በ2010 አሳሲንስ ክሪድ 2ን ለፒሲ (ለኮምፒውተር) ሲያወጣ ያለማቋረጥ ኢንተርኔት ካልኖረ አይሠራም አለ። በወጣበት ሰሞን ሰርቨሮቹ ላይ ጥቃት ደረሰና ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከጨዋታው ውጭ ሆነ። ሌባ ለመከላከል የተሠራ አጥር ባለቤቱን አስቀረው። በግንቦት 2012 ዲያብሎ 3 ወጣ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ተሸጠ፤ ሰዉ ያተረፈው ግን «ስህተት 37» የሚል መልእክት ነበር፣ ሰርቨሮቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ቆይተው ይሞክሩ የሚል። ያን ጊዜ ጌሙ ውስጥ ተጫዋቾች ዕቃ የሚሸጡበት የጨረታ ቤት ስለነበር ማጭበርበር እንዳይኖር ኦንላይን መሆኑ ግድ ነው ይባል ነበር። እሺ እንበል። በ2013 ያው ጌም ለኮንሶል (ከቲቪ ጋር ለሚሰካው የጌም ማሽን) ሲወጣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በመጋቢት 2014 የጨረታ ቤቱ ተዘጋ። የፒሲው ግን ዛሬም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ምክንያቱ ሄደ፣ ግዴታው ቀረ።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ሲምሲቲ ነው። መጋቢት 2013። ከተማ የምትገነባበት፣ ለዓመታት ሰው ብቻውን ሲጫወተው የኖረ ጌም። ሰርቨሩ ገና ከጅምሩ ተዝረከረከ፤ አማዞን በዳውንሎድ የሚሸጠውን ለጊዜው ከገበያ እስከማንሳት ደረሰ። አዘጋጆቹ ጭነቱን ለማቅለል ብለው ከጌሙ ላይ ነገሮች መንቀል ጀመሩ፣ «አቦሸማኔ» የሚባለውን ትልቁን የጨዋታ ፍጥነት ጨምሮ። ለምን ኦፍላይን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ) አታደርጉትም ሲባሉ የስሌቱ ትልቅ ክፍል ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው፣ ከባድ የምህንድስና ሥራ ይጠይቃል አሉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተጫዋች ኮዱን ነካክቶ ከተማው ኢንተርኔት ተቋርጦም እንደሚንቀሳቀስ አሳየ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 2014፣ እነሱ ራሳቸው የኦፍላይን አፕዴቱን አወጡ። አይሆንም የተባለው ሆነ። ለዚህ ነው «በቴክኒክ አይቻልም» የሚል መግለጫ ሳነብ ቅንድቤ የሚነሳው።

እንዲህ ያለ ነገር በወጣበት ቀን ብቻ አይመጣም። ግራን ቱሪስሞ 7 በመጋቢት 2022፣ በወጣ በሁለት ሳምንቱ፣ አፕዴት ተበላሽቶበት ከ30 ሰዓት በላይ ተዘጋ። ከመኪናና ከመንገድ በቀር ማንንም የማይፈልገው ክፍል ሳይቀር አብሮ ተዘጋ። እኔም ስሙን የማልጠራው አንድ ጌም ላይ፣ ታሪኩን ብቻዬን እየተጫወትኩ፣ የመጨረሻው ጠላት ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል ሳጥን ብቅ አለና ወደ መጀመሪያው ስክሪን መለሰኝ። ኢንተርኔቱ ለሴኮንዶች ነበር የተንጠባጠበው። ያለፈው ሰዓት ሥራ ውሃ በላው። ኮንትሮለሩን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ውድ ነው፣ ምን ላድርግ።

ደግሞ መጨረሻም አለው። ሰርቨር አንድ ቀን ይጠፋል። ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም በ2014 ወጥቶ በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ብቻውን የሚጫወትም አልቀረለትም፤ የገዙት ሰዎች እጅ የማይከፈት ነገር ቀረ። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚል ዘመቻ የጀመረው ከዚያ ነው። የአውሮፓ ዜጎች ፊርማ ማሰባሰቢያቸው በሐምሌ 2025 አንድ ሚሊዮን አለፈ። ካሊፎርኒያም ከ2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ ከሆነ ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ በሕግ አስገድዳለች። ሕጉ አገልግሎቱን አያስቀጥልም፤ «ግዛ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው የሚያርመው። ቢሆንም ጥሩ ነው።

«መጮኽ ምን ዋጋ አለው?» ለሚሉት ደግሞ፦ ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ኮንሶሉ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ መግባት አለበት ብሎ ነበር። ሰዉ አገር ይያዝልኝ አለ። ገና ሳይወጣ በሰኔ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ፔይዴይ 3ም በመስከረም 2023 ወጥቶ ብቻውን የሚጫወተውን ሳይቀር ሰርቨር ላይ ሲያስጠብቅ ከርሞ፣ በ2024 የኦፍላይን መጫወቻ ተጨመረለት።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ስመጣ፣ መልሱ በየት እንደገዛኸው ይለያያል። ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኦንላይን መደብር) ላይ ከሆነ ከገዛህ 14 ቀን ካልሞላና የተጫወትከው ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ያለ ብዙ ጥያቄ ይመልሱልሃል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ስቲም የሚቆጥረው ጌሙ ክፍት የሆነበትን ሰዓት ነው። ወረፋ ላይ ቆመህ ክቧ ስትዞርም ሰዓቱ ይቆጥራል። አንድም ነገር ሳትጫወት ሁለቱ ሰዓት ሊያልቅብህ ይችላል። ስለዚህ ካልገባልህ ዝጋው፤ ክፍት ትተኸው ሻወር አትግባ። ካለፈብህም ጠይቅ፣ ሁኔታውን አስረዳ፤ ከደንቡ ውጭ የሆነውንም አይተው የሚመልሱበት ጊዜ አለ። ፕሌይስቴሽን ላይ ከሆነ ደንቡ ጥብቅ ነው። ማውረድ ከጀመርክ፣ ጌሙ ጉድለት ከሌለበት በቀር አይመልሱም፤ ስለዚህ ያየኸውን የስህተት መልእክት ስክሪንሾት አንሳና ከጥያቄህ ጋር አያይዝ።

ጌሙ በዋናነት ከሰው ጋር የሚጫወቱት ከሆነና በጣም ከፈለግከው አንድ ሳምንት ታገሥ፤ አብዛኛው በዚያ ውስጥ ይረጋጋል። ለብቻህ ብለህ ከገዛኸውና ኦፍላይን የሚባል ነገር ከሌለው፣ እኔ ብሆን ዛሬውኑ አስመልሼ ዋጋው ሲወርድ አየዋለሁ። የሄልዳይቨርስ 2 አዘጋጆች አለቃ የነበረው ዮሃን ፒልስቴት ራሱ በዚያ ግርግር መሃል፣ የምታወጣው ገንዘብ የሚያጥርህ ከሆነ ሰርቨሩ እስኪችል ቆይ የሚል ምክር በአደባባይ ሰጥቶ ነበር። ሻጩ እንዲህ ካለህ አንተ ምን አስቸኮለህ? ለሚቀጥለው ደግሞ ከመክፈልህ በፊት የመሸጫው ገጽ ላይ ወደ ታች ውረድና «የማያቋርጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋል» የሚለውን መስመር ፈልግ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ከማሽኑ መስፈርት አጠገብ።