የጨጓራ ሆርሞንና ካንሰር ምን ያገናኛቸዋል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጎጃም፣ ከቡሬ ነው። አባቴ የ58 ዓመት ገበሬ ናቸው። ጨጓራቸውን ማመም ከጀመራቸው ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ተልባ እየጠጡ፣ ሲብስባቸውም ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል እየገዛንላቸው ቆይተዋል። ዘንድሮ ግን ሁለት ጉርሻ ሳይበሉ «ጠገብሁ» ማለት አመጡ፤ ቀበቷቸውም ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ባሕር ዳር ወስደናቸው በኢንዶስኮፒ ታዩ፤ ናሙና ተወስዶ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ሐኪሙ ስለ ሆርሞንና ስለ እድገት ቀስቃሾች አንሥተውልን ነበር፤ አልገባንም። ሆርሞን ካንሰር ያመጣል ወይ? ኦሜፕራዞሉስ ጎድቷቸው ይሆን?

መልስ፦ ለአባትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። የቀበቶውን ቀዳዳ አይተው ለምርመራ ማድረስዎ ተገቢ ነው፤ ክብደት መቀነስና ቶሎ መጥገብ በተልባና በኦሜፕራዞል የሚታለፉ ምልክቶች አይደሉምና።

«ሆርሞን» ሲባል ብዙ ሰው የወሊድ መከላከያን ያስባል፤ ጨጓራም ግን የራሱ ሆርሞኖች አሉት። የጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን ከአሲድ ጋር ስለሚውል ስለሚያድር፣ የላይኞቹ ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ። ይህን መተካካት ከሚያዙት አንዱ ጋስትሪን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ከጨጓራ የታችኛው ክፍል ወጥቶ በደም እየተጓዘ አሲድ እንዲመነጭና የሽፋኑ ሕዋሳት እንዲበዙ ያደርጋል። የእድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ሕዋስ ወጥተው አጠገቡ ባለው ሕዋስ ላይ ያለውን ተቀባይ፣ ማለትም መልእክቱን የሚቀበለውን ክፍል፣ ይይዛሉ፤ ቁስል ሲኖር ሕዋሳቱ ተባዝተው እንዲሸፍኑት ይጠራሉ። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ አጨዳው ሲያልቅ ሰው ወደየቤቱ ይበተናል። በጤናማ ጨጓራም ሶማቶስታቲን የተባለ ሌላ ሆርሞን ጋስትሪንን ይገታዋል።

አደጋው ጥሪው ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲቀር ነው። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ኤች ፓይሎሪ ነው፤ ይህን ባክቴሪያ ማርሻልና ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው ያሳደጉት ሲሆን፣ በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ባክቴሪያው ሶማቶስታቲንን ሲያዳክም ጋስትሪን ይጨምራል። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ካግኤ የተባለ ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስገባል፤ ያም ፕሮቲን የእድገት ጥሪ የመጣ ያህል ሕዋሱን ይቀሰቅሰዋል። ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር በዘረመሉ ላይ ስሕተት የመፈጠር ዕድል ስላለ፣ በቆሰለ ሽፋን ላይ ለዐሥርታት የሚደጋገም መከፋፈል ጥሪ ሳይጠብቅ የሚባዛ ሕዋስ ሊያስገኝ ይችላል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ካንሰር አይዛቸውም፤ ሆርሞኑም ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም።

ኦሜፕራዞልን በሚመለከት፣ መድኃኒቱ አሲድን ስለሚቀንስ ሰውነት ጋስትሪንን በመጨመር ምላሽ ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም አንዳንድ የሽፋኑ ሕዋሳት በመጠኑ ሊበዙ ይችላሉ። ይህ ብቻውን ካንሰር አይደለም፤ ለአባትዎ ሕመም ምክንያቱ ኦሜፕራዞል ነው ማለትም አይቻልም፤ ቤተሰቡም ራሱን አይውቀስ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ሕመሙን እያስታገሠ ሰው ሳይመረመር ዓመታት እንዲያልፉ ያደርጋል፤ የኤች ፓይሎሪን የሰገራ ምርመራም ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት መቋረጥ ይኖርበታል፤ ሆኖም ደም የሚያስታውክ ወይም ጥቁር ሰገራ የታየበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ።

ውጤቱ ካንሰር ነው ከተባለ፣ ኸር 2 የተባለው የእድገት ቀስቃሽ ተቀባይ ተመርምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ከአምስት የጨጓራ ካንሰር ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ይህ ተቀባይ በሕዋሱ ላይ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ተቀባዩን ይዞ ጥሪውን ስለሚያደናቅፍ፣ በሽታው ለተሠራጨባቸው እንዲህ ላሉ ታማሚዎች ከኬሞቴራፒ ጋር ይሰጣል። ምርመራው የሚሠራው ቀድሞ በተወሰደው ናሙና ላይ ስለሆነ አባትዎ እንደገና ኢንዶስኮፒ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ናሙናው በሰም ውስጥ ተደርጎ ስለሚቀመጥ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢላኩ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሰሙንም ጠይቀው ይውሰዱ።