የተግባር ኤሌክትሮኒክስ ሠልጣኞችን በምን ልመዝን?

ውድ ጠያቂያችን፣

በላኩልን ደብዳቤ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቁ በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የቴሌቪዥንና የቻርጀር ጥገና ቤት ለሦስት ዓመት መሥራትዎን፣ አሁን ደግሞ አራት ኪሎ አቅራቢያ ያለ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የመሠረታዊ ኤሌክትሮኒክስ የተግባር ትምህርት አሠልጣኝ ሊያደርግዎት ለቃለ መጠይቅ እንደጠራዎት ገልጸዋል። ኮሌጁ ከቃለ መጠይቁ በፊት 10 የሥራ ጠረጴዛ ባለበት ወርክሾፕ ውስጥ 40 ሠልጣኞችን እንዴት እንደሚመዝኑ የሚያሳይ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ጠይቆዎታል። ያዘጋጁት ረቂቅ ከ100 ነጥብ 70ውን ሠርቶ ለተገኘ ሰርኪዩት፣ 30ውን ለጽሑፍ ፈተና የሚሰጥ ሲሆን፣ «ይህ በቂ ነው? ጥገና ቤት መዋሌስ ለማስተማር ሥራ አይጎዳኝም?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ከኋለኛው ጥያቄ ልጀምር። በእኔ እምነት ጥገና ቤት ያሳለፏቸው ሦስት ዓመታት ወደዚህ ሥራ ይዘውት ከሚገቡት ሁሉ የላቁ ናቸው። ደንበኛ ያመጣውን የተበላሸ ዕቃ ከፍቶ፣ ምልክቱን አጢኖ፣ ለክቶና ጥርጣሬን አጥብቦ ጉዳቱ ካለበት ቦታ የመድረስን ልማድ ያገኙት እዚያ ነው፤ በተግባር ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በዋናነት ሊመዘን የሚገባውም ይኸው ልማድ ነው። ቅር ያሰኘኝ ግን ዕቅድዎን ሲጽፉ ይህን የራስዎን ዕውቀት ወደ ጎን መተውዎ ነው። አብዛኛውን ነጥብ የሰጡት የሰርኪዩቱ ማሳያ መብራት በርታለች ወይስ አልበራችም ለሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ «ይሠራል» ተብሎ የወጣ ዕቃ በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ማየትዎን አልጠራጠርም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ሠልጣኞችዎ ከ12 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች ብሪጅ፣ ኃይል ከሚያጠራቅም 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ቮልቴጁን ከሚያረጋጋ 7805 ሬጉሌተር 5 ቮልት የሚያወጣ የኃይል ምንጭ ሠሩ እንበል። ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ቢቋረጥ፣ ጭነቱ፣ ማለትም ከምንጩ የሚወሰደው የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ 100 ሚሊ አምፒር ብቻ እስከሆነ ድረስ ሬጉሌተሩ ያለ ችግር 5 ቮልት ይሰጣል፣ መብራቷም ትበራለች፤ በእርስዎ ረቂቅ መሠረትም ሠልጣኙ 70 ነጥቡን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ነገር ግን ቀድሞ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሞላ የነበረው ካፓሲተር አሁን የሚሞላው 50 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሪፕል የምንለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ከ2 ቮልት ገደማ ወደ 4 ቮልት ገደማ ከፍ ይላል። ጭነቱ ወደ 300 ሚሊ አምፒር ሲያድግ ደግሞ ቮልቴጁ ሬጉሌተሩ ከሚፈልገው 7 ቮልት ገደማ በታች በየመሐሉ እየወረደ 5 ቮልቱ መዋዠቅ ይጀምራል። ሰርኪዩቱ በፈተናው ቀን የሠራ ቢመስልም ጤነኛ አልነበረም ማለት ነው።

እዚሁ ቦርድ ላይ ሠልጣኙ ጉዳቱን የሚፈልግበት መንገድ ከውጤቱ ይልቅ ብዙ ይነግርዎታል። ኃይሉን ካጠፋ በኋላ በመልቲሜትሩ የዳዮድ መለኪያ አራቱንም ዳዮዶች አንድ በአንድ ቢለካ፣ የትራንስፎርመሩን ሽቦ ሳይነቅል ከለካ የተቋረጠው ዳዮድ እንኳ ጤነኛ መስሎ 0.6 ቮልት ገደማ ሊያሳየው ይችላል፤ የመለኪያው የኤሌክትሪክ ፍሰት በትራንስፎርመሩ ጥቅልል በኩል ዞሮ በሌላው ዳዮድ ያልፋልና። ይህን ጠርጥሮ ሽቦውን ነቅሎ የለካ ሠልጣኝ፣ በተመደበለት ጊዜ ጠግኖ ባይጨርስ እንኳ፣ በዕድል ያገኘውን ዳዮድ ቀይሮ ካበራው ሠልጣኝ የተሻለ ባለሙያ ነው። ምዘናዎ ይህን ልዩነት ማየት ካልቻለ ለቀጣሪዎች የሚነግራቸው ነገር አይኖርም።

ስለዚህ የጽሑፍ ፈተናውን ለንድፈ ሐሳቡ ክፍለ ጊዜ ትተው፣ ከተግባሩ 100 ነጥብ ውስጥ 30ውን ለብልሽት ፍለጋ፣ 30ውን ለልኬትና ለልኬት መዝገብ፣ 20ውን ለሚሠራ ሰርኪዩት፣ የቀረውን 20 ደግሞ ለብየዳ ጥራትና ለቃል ማብራሪያ እኩል ቢያካፍሉ እመርጣለሁ። ቁጥሮቹን እንደ ወርክሾፑ ሁኔታ ማሻሻል ይችላሉ፤ የመዝገቡን ድርሻ ግን እንዳይቀንሱ አደራ እላለሁ። የሚጠበቀውን ዋጋ አስቀድሞ አስልቶ፣ የለካውን ከጎኑ ጽፎ፣ ልዩነቱን በቃላት ያብራራ ሠልጣኝ እያሰበ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ያያሉ። ለምሳሌ በ555 ታይመር (ምት በሚያመነጭ ቺፕ)፣ በ10 ኪሎ ኦምና በ68 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች እንዲሁም በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የሚሠራ ብልጭታ ስሌቱ በሴኮንድ 1 ጊዜ ገደማ ይላል፤ የካፓሲተሩ መጠን 20 በመቶ ሊዛባ ስለሚችል ግን ልኬቱ ከ0.8 እስከ 1.2 ቢሆን ስህተት አይደለም። 0.85 ያገኘውን ሠልጣኝ ነጥብ መቀነስ በደል ነው፤ ለምን 0.85 እንደሆነ ጠይቆ መልሱን መመዘን ግን ተገቢ ነው። የሬዚስተሩን መጠን በሠልጣኙ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ እንዲለያይ ካደረጉ ደግሞ መቀዳዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

40 ሠልጣኝ በ10 ጠረጴዛ ማለት በአንድ ጠረጴዛ አራት ሰው ነው፤ አራት ሰው ባለበት ደግሞ አንዱ ሲበይድ ሦስቱ ያያሉ፣ ነጥቡን ግን አራቱም ይካፈላሉ። ግንባታውን በቡድን ቢያሠሩም ብልሽት ፍለጋውን እያንዳንዱ ለብቻው ይሥራው። አሥር ቦርዶች አዘጋጅተው ሠልጣኞቹን በአራት ዙር፣ በየዙሩ 20 ደቂቃ ቢያስገቡ ሁሉም በ80 ደቂቃ ይፈተናሉ። የመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች ለተከታዮቹ መንገራቸው ስለማይቀር፣ ብልሽቱን በየዙሩ ለመቀየር እንዲያመችዎ ከቦርዶቹ ሥር የሚነቀሉ ጃምፐሮች (አጫጭር ማገናኛዎች) ያስገቡ። ለቃል ማብራሪያው ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ በአጠቃላይ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን በአራት ሳምንት ቢያከፋፍሉት በሳምንት 30 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። መብራት ቢጠፋ ፈተናው እንዳይቋረጥ ቢያንስ የ555ቱ ሥራ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ለራሴ ሁልጊዜ የሚከነክነኝን አንድ ነገር ላካፍልዎ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ሠልጣኝ አምፕሊፋየር አልሠራ ስላለ ከግማሽ በታች ነጥብ ሰጠሁት። ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ከዚያው ካርቶን የተረፉትን ትራንዚስተሮች ስለካ በርካቶቹ ከመጀመሪያው የተበላሹ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሠልጣኙን ፈልጌ ነጥቡን ለማስተካከል ስሞክር ትምህርቱን ትቶ ሄዷል። ዕቃ ከመርካቶም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ከፈተና በፊት እያንዳንዱን ይለኩ፤ ሠልጣኙም «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» ብሎ በልኬት ካስረዳዎ ምትክ የማግኘት መብት እንዳለው በዕቅድዎ ላይ በግልጽ ይጻፉ። ለልምምድ የሚሆኑ አሮጌ ቦርዶችን ግን ከምናለሽ ተራ በርካሽ መሰብሰብ ይችላሉ፤ ለዚያ ዓላማ መበላሸታቸው ራሱ ጥቅም ነው።

ለደኅንነት ነጥብ አይስጡ፤ ነጥብ ከሰጡት ሌላ ቦታ በተገኘ ነጥብ ይካካሳል። 220 ቮልት ሳይነቅል ቦርድ የሚነካ ሠልጣኝ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር ይቁም፣ ይታረም፣ ከዚያ እንደገና ይፈተን። ይህ አሠራር በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና ከተለመደው መንፈስም ጋር ይስማማል፤ ሲኦሲ በሚባለው በዚህ ምዘና ተመዛኙ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል እንጂ በአንዱ ጥሩነት የሌላው ጉድለት አይሸፈንለትም። እርስዎም የሲኦሲ የምስክር ወረቀት ከሌለዎት ለመመዘን አሁኑኑ ይመዝገቡ፤ ሌሎችን ሊመዝን የሚመጣ ሰው ራሱ ተመዝኖ ማየቱ የተመዛኙን ጭንቀት ያስተምረዋል፣ ለቅጥሩም ይረዳዎታል።

ለቃለ መጠይቁ የተሻሻለውን ዕቅድ በሁለት ገጽ ያዘጋጁ፤ ጥገና ቤት የሠሩባቸውን ዓመታትም በሥራ ልምድዎ መጀመሪያ ላይ ያስፍሩ። ከዕቅዱ ጋር አንዱ ዳዮድ የተቋረጠበትን የኃይል ምንጭ ይዘው ይግቡና መብራቷ እየበራች ጠያቂዎቹ ጉዳቱ የት እንዳለ እንዲገምቱ ይጋብዟቸው። ውል ከመፈረምዎ በፊትም ወርክሾፑ ስንት ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መዋዠቅ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) እና ስንት የሚሠራ መልቲሜትር እንዳለው፣ ለሚቃጠሉ ፊውዞችና ለሚያልቁ ዕቃዎችም በጀቱ በማን እጅ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ።