መልስ፦ ልጆችን ቤት እያስተማሩ ዕረፍታቸውን ከአባታቸው ሥራ ጋር ማስኬድ ይቻላል?

እህቴ፣ ባልሽ ትራክ ስለሚነዳ ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ፣ አንድ ሳምንት ቤት ነው ብለሻል። ልጆቹ እሱ ሲገባ እንዲያርፉ፣ ትምህርቱ ግን ዓመቱን ሙሉ እንዲቀጥል ነው ሐሳብሽ። የምትኖሩት አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት ከሆነ ይቻላል።

ሕጉ የሚጠይቀው በ12 ወር ውስጥ 180 ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ነው። ቀኖቹን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እስቲ እናስላው። ከአራት ሳምንት ሦስቱን ከተማሩ በዓመት 39 ሳምንት ይሆናል። በአምስት ቀን ሲባዛ 195። ስለዚህ 15 ቀን ትርፍ አለሽ። ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል ማንንም አታስፈቅጂም። ጉንፋን የሚበላው ቀንም ከዚያው ይወጣል።

እኛ መጀመሪያ ሰመሩን ሙሉ አሳረፍናቸው። ትልቁ ልጄ የማባዛት ሰንጠረዡን ጭልጥ አድርጎ ረሳው። ሰባት በስምንት ስለው ጣራ ጣራውን ያያል! ዕረፍቱን ከበታተንነው ወዲህ ይሄ ቀረ።

የሚያስቸግርሽ ጁላይ ነው። የጎረቤት ልጆች ሳይክል ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አትከልክይ። ጠዋት ይጫወቱ፣ ፀሐዩ ሲከር ገብተው ይማሩ። ለነገሩ በዚያ ሙቀት እነሱም ውጭ መቆየት አይፈልጉም።

የቤት ትምህርት ማሳወቂያውን በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 1 ለስቴቱ ትምህርት ቢሮ መላክ እንዳትረሺ። የተማሩበትን ቀን ደግሞ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ምልክት አድርጊ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ ከደብተራቸው ቀን ስለቅም አመሸሁ።