«ቆሞ የነበረው ደም ተመልሶ መጣብኝ»

ሰላም ለእርስዎ። ጽንስ ካቋረጥኩ ዛሬ 9 ቀኔ ነው። 8 ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ በኪኒን ነው ያቋረጥኩት። የመጀመሪያው ቀን ደሙም ቁርጠቱም ከባድ ነበር። ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በ6ኛው ቀን ቆመ። ተገላገልኩ ብዬ ትናንት ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። ማታ ደሙ ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ የረጋ ደምም አየሁ። ደንግጬ የእርግዝና መመርመሪያ ሞከርኩ፤ ሁለት መስመር! ጡቴንም አሁንም ትንሽ ያመኛል። ቤት ውስጥ «ፔሬዴ ከብዶብኝ ነው» ስላልኩ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እባክዎ ይምከሩኝ።
ግራ የገባት

እህቴ፣ ደሙ መመለሱ ብቻውን አያስደንግጥሽ። እየቆመ እየመጣ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ጎንበስ ቀና ሲሉ ከዋሉ ደግሞ ይጨምራል። ቤቱን ለጊዜው ተይው፣ አይሸሽም።

ዋናው መጠኑ ነው። ሞዴስሽን ቁጠሪ፣ ሰዓትም ያዢ። በ1 ሰዓት ውስጥ 2 ወፍራም ሞዴስ ጥግብ ብሎ ከራሰና በሚቀጥለውም ሰዓት እንዲያው ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ። ራስሽን ካዞረሽ ወይም ልወድቅ ነው ካሰኘሽ ግን ቆጠራውን ተይውና ሰው አስከትለሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ ሁለቱ መስመር፦ ስንቷን አስለቅሷል መሰለሽ! የእርግዝና ሆርሞን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው። ምርመራው እስከ 4 ሳምንት ድረስ «አለ» ሊል ይችላል፤ በ9ኛው ቀን ያየሽው ብዙም አይነግርሽም። የጡት ሕመሙም ቀስ እያለ ይጠፋል። ማቅለሽለሹ ካልተወሽ ወይም ጡትሽ እያበጠ ከሄደ ግን አልትራሳውንድ ተነሺ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቺ ያልጻፍሽው ነው። ትኩሳትስ? ኪኒኑን በወሰድሽበት ቀን ብርድ ብርድ ማለትና ማተኮስ ከመድኃኒቱ ነው። ከዚያ በኋላ 38 ዲግሪና በላይ ከሆነ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ ወይም የሆድ ሕመሙ በአይቡፕሮፌን አልታገስ ብሎ ከባሰ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዪ። ሽታውና ሕመሙ ካሉ ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቂ። በአንድ ጎን የሚወጋ ኃይለኛ ሕመም ወይም የትከሻ ሕመም ካለሽ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኚ። ኪኒኑ ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝናን አያቋርጥም፤ እሱ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር ቢገኝም አትሸበሪ፤ በኪኒን ወይም በመምጠጫ መሣሪያ ይጸዳል። ለቤተሰብ ያልሽው ያንቺ ጉዳይ ነው፣ አልፈርድብሽም። ለሐኪሙ ግን ምን እንደወሰድሽና መቼ እንደሆነ በግልጽ ንገሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወር አበባሽ የሚመለሰው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እርግዝና ግን እሱን አይጠብቅም። በ2 ሳምንት ውስጥ እንኳ ልታረግዢ ትችያለሽ። መከላከያ መጀመር ከፈለግሽ ፔሬድሽ እስኪመጣ አትቆዪ።

ለዛሬ ማታ ቴርሞሜትር ፈልገሽ ተለኪ፤ ሞዴስ የቀየርሽበትንም ሰዓት ጻፊው።