እጁን ለማያነሳው ሕፃን እናት፦ ወጌሻ ጋ አትሂጂ፣ ቀን ቁጠሪ

«የ5 ሳምንት ልጄ ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ቀኝ እጁ አይንቀሳቀስም፣ ሐኪሞቹ በራሱ ይመለሳል ይላሉ፣ ቤተሰብ ወጌሻ ይየው ይላል፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ያንቺ ልጅ ቁርጥ የኔን ልጅ ነው። የኔዋ 4.3 ኪሎ ነበረች። ጭንቅላቷ ወጥቶ ትከሻዋ ቀረ፣ ሲስቧት ከአንገት ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ተጎዱ።

1. ወጌሻ ጋ አትውሰጂው። የተጎዳው ነርቭ ነው፣ ነርቭ በማሸት አይመለስም። አማቴ ለልጄ ካላት ፍቅር የተነሳ «ወልቋል፣ ይታሽ» አለች፣ እኔም አራስ ነኝ፣ እሺ አልኩ። በቅቤ አሽቶ በቀርከሃ 3 ሳምንት አሰራት። ልጄ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። ሲፈታ ትከሻዋ ድርቅ ብሎ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

2. ፊዚዮቴራፒ አሁኑኑ ጀምሪ። እንቅስቃሴውን ባለሙያው ያሳይሽ፣ ከዚያ ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር ቀስ እያልሽ ቤት ታሠሪዋለሽ። እኔ የጀመርኩት በ5 ወሯ ነው።

3. «በራሱ ይመለሳል» ያሉሽ አልዋሹም፣ ብዙዎቹ ይድናሉ። ግን እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ጠይቂ። ለኔ ማንም አልነገረኝም። በ3 ወሩ ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል፣ ምክንያቱም ነርቭ ያጣ ጡንቻ ሲቆይ ይሟሽሻል። የ14 ሳምንት ክትባቱን ቀን ያዢ፣ ያን ቀን ክርኑ ካልታጠፈ ሪፈር ሳትይዢ ከዚያ ግቢ አትውጪ።

ወረቀትሽን ደግሞ ዛሬ አስጽፊ። እኔን ሪፈር የተላክሁበት ቦታ «የወሊድ ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። የወለድኩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል አራት ጊዜ ልጄን አዝዬ ተመላለስኩ። «ካርዱ የለም፣ ነገ ነይ።» በመስኮቱ ያለችው ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «የወለድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለችኝ። ካርዱ ሲገኝ ምን ተጽፎበት እንደነበር ታውቂያለሽ? ጤነኛ ሕፃን። ስለ እጇ አንድ ቃል የለም። ስፔሻሊስቱ ጋ ስደርስ ዓመት አልፏት ነበር፣ የነርቩ ቀዶ ሕክምና ጊዜ አልፏል አለኝ። ስለዚህ የልጅሽ ክብደት፣ ትከሻው መያዙና እጁ ሲወለድ እንዴት እንደነበር ይጻፍልሽ፣ ማኅተም ይምታበት፣ ኮፒ አስቀሪ።

ልጄ አሁን 6 ዓመቷ ነው። ቀኝ እጇን እስከ ትከሻዋ ታነሳለች፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። የምትጽፈው በግራዋ ነው። ድግስ ቤት «በግራሽ አትብዪ» እያሉ ሲቆጧት አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ስንት ዓመት በየቀኑ ሠርተን ባለፈው ፋሲካ እንጀራውን በቀኟ ቆርሳ መጀመሪያ ያጎረሰችው አማቴን ነው። ሁለቱም ሳቁ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አንቺ ገና 5 ሳምንት ላይ ነሽ፣ ጊዜ አለሽ። ዛሬ ማታ ልብስ ስታለብሺው የታመመውን እጅ አስቀድሚ፣ ስታወልቂ በመጨረሻ አውጪው። በብብቱ ይዘሽ አታንሺው። የዐይኑን ቆብም እዪ፤ በዚያው በኩል ወደቅ ያለ ከሆነ ጉዳቱ ከበድ ያለ ሊሆን ይችላል፣ 3 ወር አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ውሰጂው።