«ይከፍላል»፣ «ሊከፍል ይገባል» ወይስ «ይክፈል»? ስለ ትእዛዝ ረቂቅ አጻጻፍ

ጥያቄ፦ ለፍትሐ ብሔር ችሎት ዳኞች የትእዛዝና የውሳኔ ረቂቅ አዘጋጃለሁ። ዳኛው አይተው ያርሙታል፤ ከተስማሙበትም ይፈርሙበታል። በአንድ ረቂቅ ላይ «ተከሳሽ 150,000 ብር ሊከፍል ይገባል» ብዬ የጻፍኩትን አንዱ ዳኛ «ይክፈል» ብለው አረሙት። በሌላ መዝገብ «ይክፈል» ብዬ ስጽፍ ደግሞ ሌላው ዳኛ ሠርዘው «እንዲከፍል ታዟል» አሉት። ይህ የዳኞች ምርጫ ብቻ ነው ወይስ የሰዋስው መሠረት አለው? በዚያውም «ትዕዛዝ» ነው የሚባለው ወይስ «ትእዛዝ»?

መልስ፦ ሁለቱም ዳኞች ልክ ናቸው፤ ያልታደለው «ሊከፍል ይገባል» ነው። እርሱም የተሠረዘው ስሕተት ስለሆነ ሳይሆን ቦታውን ስለሳተ ነው።

ነባሩ የሰዋስው ትምህርታችን ለግሥ አራት ዋና መልክ ይሰጠዋል፤ ኀላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ። «ከፈለ» ኀላፊ ነው፤ «ይከፍላል» ትንቢት ነው፤ «ይከፍል ዘንድ» ዘንድ አንቀጽ ነው፤ «ይክፈል» ደግሞ ራሱ ስሙ ትእዛዝ ነው። የቀደሙት መምህራን ይህን ስም ያወጡት ስለ ፍርድ ቤት አስበው አይደለም፤ ለእርስዎ ሥራ ግን የተሰፋ ይመስላል። «ተከሳሽ 150,000 ብር ይከፍላል» ብለው ከጻፉ ትንቢት ተናገሩ ማለት ነው። ተከሳሹ መክፈል አለመክፈሉን ዳኛው በምን ያውቃሉ? ፍርድ ቤት የሚያውቀው ያዘዘውን ነው።

«ይከፍላል» ወደ ረቂቅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከእርቅ ስምምነት ነው። ባለጉዳዮች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ታርቀው ስምምነታቸውን ሲያቀርቡ፣ በዚያ ወረቀት ላይ «ተከሳሽ በሦስት ወር ውስጥ ይከፍላል» መባሉ ተገቢ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ቃል ሲገባ የሚናገረው በትንቢት ነው። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን አጽድቆ የራሱ ትእዛዝ ሲያደርገው ግን ተናጋሪው ተለውጧል፤ ስለዚህ ግሡም ይለወጥ። «ይከፍላል» የነበረው «ይክፈል» ይሁን፤ «ያስረክባል» የነበረው «ያስረክብ»።

አሁን ወደ «ይገባል»። የፍርድ ቤቶቻችን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በሦስት ርእስ ይከፈላል፤ ፍርድ፣ ውሳኔ፣ ትእዛዝ። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 182 ፍርድ የተያዘውን ጭብጥ (ፍርድ ቤቱ የሚወስንበትን የክርክር ነጥብ)፣ በጭብጡ ላይ የተደረሰበትን ውሳኔና ምክንያቱን እንዲይዝ ይጠይቃል። «ይገባል» የዚህ የምክንያት ክፍል ቤተኛ ነው። ዳኛው ማስረጃውን መዝነው፣ ውሉን አንብበው፣ «ስለዚህ ተከሳሽ ገንዘቡን ሊከፍል ይገባል ብለናል» ሲሉ ሐሳባቸውን እየነገሩን ነው። ሐሳቡ «ውሳኔ» ወይም «ትእዛዝ» ከሚለው ርእስ ሥር ሲወርድ መልኩን ቀይሮ ካልወረደ፣ በአፈጻጸም ጊዜ የፍርድ ባለዕዳው ጠበቃ «ይገባል ተባለ እንጂ ክፈል አልተባለም» ብሎ ለመከራከር ቀዳዳ ያገኛል። ክርክሩ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቀጠሮ ግን ይበላል። «ይችላል»ም ከዚሁ ወገን ነው። «ከሳሽ ዕቃውን መውሰድ ይችላል» ሲባል ለከሳሽ ፈቃድ ተሰጠ እንጂ ተከሳሽ በሩን እንዲከፍት አልታዘዘም። የተፈለገው ርክክብ ከሆነ «ተከሳሽ ዕቃውን ለከሳሽ ያስረክብ» ይባል።

«ይክፈል» እና «እንዲከፍል ታዟል» የሚባሉትን ለመለየት አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን ነው? አንዳንዱን ነገር ፍርድ ቤቱ በቃሉ ብቻ ይፈጽመዋል። «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸንቷል»፣ «ተሽሯል»፣ «ተሻሽሏል»፣ «እግዱ ተነሥቷል»፣ «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲባል፣ ቃሉ ከተጻፈና ከተፈረመ በኋላ የሚቀር ሥራ የለም፤ ስለዚህ ያለቀ ድርጊት ሆኖ ይጻፋል። ሌላ ሰው ተነሥቶ የሚሠራው ሲሆን ደግሞ ትእዛዝ አንቀጽ ይመጣል፤ ይክፈል፣ ያስረክብ፣ ይልቀቅ፣ መዝገቡ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። የሰበር ችሎት ውሳኔዎችን መጨረሻ ያነበበ ሰው እነዚህ ሁለት መልኮች እየተፈራረቁ ሲሄዱ ያያል፤ አንዱ ተራ ቁጥር «ተሽሯል» ይላል፣ ቀጣዩ «ይክፈል» ይላል። መፈራረቁ የአጻጻፍ መዛነፍ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት ሥራ ስለሆነ ነው።

«እንዲከፍል ታዟል» ሁለቱን ያጣምራል። ማዘዙን ያለቀ አድርጎ፣ መክፈሉን ወደ ፊት አስቀርቶ ይናገራል። ትክክል ነው፤ ክብደትም አለው። እኔ ግን «ይክፈል»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ውበት አይደለም። አንድ ረቂቅ የቀድሞውን የመዝገብ ታሪክም ስለሚተርክ፣ «ተከሳሽ ሰነዱን እንዲያቀርብ ታዟል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዛሬ የተሰጠ ትእዛዝ ይሁን ያለፈው ቀጠሮ ትእዛዝ አይለይም። «እንዲከፍል ታዟል» የሚሉት ዳኛ ጋር የሚሠሩ ከሆነ፣ ለትናንቱ «ታዞ ነበር» ይበሉና ለዛሬው «ታዟል»ን ይተዉላቸው።

ስለ ፊደል ጠንቃቃ መሆን የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። «ይክፈል» እና «ይከፈል» በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። የመጀመሪያው ከፋዩን ይጠራል፤ ሁለተኛው ከፋዩን ይሰውራል። «ለከሳሽ 80,000 ብር ይከፈል» የሚል መስመር ማን እንደሚከፍል አልተናገረም፤ ተከሳሹ አንድ ከሆነ አንባቢ ይገምታል፣ ሦስት ከሆኑ ግን ጠብ ነው።

ከዚህ የባሰው «እንዳይሸጥ» ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት በሚሰጥ ጊዜያዊ እግድ ላይ «እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ወደ ሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ» የሚለው አባባል ሁሉም ቃል በቃል የሚያውቀው ነው። ፊደላችን ጥብቀትን (ድምፁ ጠንክሮ መነበቡን) ስለማያሳይ «እንዳይሸጥ» ሁለት ሆኖ ይነበባል፤ «ሸ»ን አላልተው ካነበቡት ሻጩ እንዳይሸጥ ነው፣ አጥብቀው ካነበቡት ቤቱ እንዳይሸጥ ነው። የሚለየው የቀደመው ቃል ነው። «ተከሳሽ ቤቱን እንዳይሸጥ» ሲባል የታሰረው ተከሳሹ ነው። «ቤቱ እንዳይሸጥ» ሲባል ግን የታሰረው ቤቱ ነው፤ ማንም አይሽጠው ማለት ነው። አንዲት «ን» ናት ልዩነቱን የተሸከመችው። ረቂቆች ላይ የማየው ግን «ተከሳሽ ቤቱን እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይተላለፍ» የሚል ድብልቅ ነው፤ መነሻው ተከሳሹን ይከለክላል፣ መድረሻው ቤቱን። ቃሉ ለጆሮ የለመደ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ተከሳሹን ብቻ ማሰር ከተፈለገ «ቤቱን እንዳይሸጥ፣ እንዳይለውጥ፣ ለሌላ እንዳያስተላልፍ» ይባል። ቤቱ ይታሰር ከተባለ «ቤቱ» ያለ «ን» ይጻፍና የቤቱን መዝገብ ለያዘው ጽሕፈት ቤት በስሙ ተጠርቶ ይታዘዝለት። «ለሚመለከተው አካል ይጻፍ» የሚባለውን ነገር በተመለከተ፣ የሚመለከተው አካል የትኛው እንደሆነ ረቂቁን የጻፈው ሰው ካላወቀ ደብዳቤ አድራሹ ከየት ያውቃል?

የአክብሮት አነጋገራችንም በትእዛዝ ውስጥ ያስቸግራል። «ይክፈሉ» ለአንድ የተከበረ ሰውም፣ ለብዙ ሰዎችም ያው ነው። አንዲት ተከሳሽን «አንቱ» ብለው ጽፈው በሚቀጥለው ተራ ቁጥር ሁለቱን ተከሳሾች ካነሱ፣ «ይክፈሉ» ማንን እንደያዘ መለየት አይቻልም። አክብሮቱን ይተዉ አልልም፤ «1ኛ ተከሳሽ»፣ «1ኛ እና 2ኛ ተከሳሾች» እያሉ በየተራ ቁጥሩ ባለቤቱን መጥራት ግን ግዴታ ነው። ብዙ መሆናቸው ከታወቀ በኋላም ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ «ተከሳሾች 150,000 ብር ይክፈሉ» ሲባል እያንዳንዳቸው ናቸው? ተካፍለው ነው? ወይስ ከሳሽ ከፈለገው ላይ ሙሉውን ይጠይቃል? ለመጨረሻው «በአንድነትና በነጠላ» የሚል የቆየ ቃል አለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1896 የውል ባለዕዳዎች ብዙ ሲሆኑ ሌላ ስምምነት ከሌለ በዚህ መንገድ ኃላፊ ያደርጋቸዋል፤ ቢሆንም ይህን በትእዛዙ ላይ መጻፍ የሚያስከፍለው ሁለት ቃል ነው። ተካፍለው የሚከፍሉ ከሆነ «እኩል» ወይም «በየድርሻቸው» ይባል። «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» በሚለው የታወቀ መዝጊያ ውስጥ ያለችው «የየ» ሥራዋ ይኸው ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ታካፍላለች። አንዷን «የ» የጣለ ጸሐፊ ማካፈሏን ጣለ ማለት ነው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ከግሡ በፊት የሚከመረው ቃል ሁሉ የትኛውን እንደሚገልጽ ይጠፋዋል። ይህን ይመልከቱ፦ «ተከሳሽ ብር 150,000 ከወለዱ ጋር ከመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከሳሽ ይክፈል።» ከመስከረም 1 ጀምሮ የሚታሰበው ወለዱ ነው ወይስ ክፍያው የሚጀምረው ያን ቀን ነው? ወለዱስ ስንት ነው? እስከ መቼ? እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ «1ኛ እና 2ኛ ተከሳሾች በአንድነትና በነጠላ ለከሳሽ 150,000 (አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ) ብር ይክፈሉ። በዚህ ገንዘብ ላይ ከመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የሚታሰብ፣ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይክፈሉ።» 9 በመቶ ያልኩት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1751 የተቀመጠውን ሕጋዊ ወለድ ይዤ ነው። ቁጥርን በፊደል መድገም ያረጀ ልማድ ይመስላል፤ አንዲት ዜሮ የዘለለች ቀን ግን ይመሰገናል። ሕጉ የጽሕፈትና የሒሳብ ስሕተትን ፍርድ ቤቱ እንዲያርም ይፈቅዳል፤ ሁለት ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ግን የጽሕፈት ስሕተት አይባልም።

ረቂቅ የሚያዘጋጅ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ከክስ ማመልከቻው ላይ መገልበጡ የተለመደ ነው። በመገልበጥ የሚመጣው ጣጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀላሉ ይታያል፤ «እንዲከፍለኝ ይወሰንልኝ» የሚለው የከሳሽ ልመና «ልኝ»ውን እንደያዘ ትእዛዝ ውስጥ ይገኛል፣ ወይም «ቤቴን» የሚል ቃል ሳይታረም ይቀርና ዳኛው በገዛ ፊርማቸው የቤቱ ባለቤት ይሆናሉ። ሁለተኛው አይታይም። «ከሳሽ ገንዘቡን ማበደራቸውን አስረድተዋል» የሚለውን ተራ አንባቢ «ተናግረዋል» ብሎ ይረዳዋል። በችሎት ቋንቋ ግን ማስረዳት በማስረጃ ማረጋገጥ ነው፤ «የማስረዳት ሸክም» የምንለው ይህን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ገና ሳይመዘን በክርክር ሐተታ ክፍል «አስረድተዋል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሳያውቀው ለአንዱ ወገን ፈረደ። በዚያ ክፍል «ሲሉ ተከራክረዋል»፣ «መሆኑን ገልጸዋል» ይበሉ፤ «አስረድተዋል»ን ዳኛው ማስረጃውን መዝነው እስኪደርሱበት ድረስ ያቆዩት።

ስለ ፊደሉ፦ ቃሉ ከግእዙ «አዘዘ» የወጣ ነው፤ በአልፍ (በ«አ») ስለሚጻፍ ሥርወ ቃሉን የሚከተል «ትእዛዝ» ብሎ ይጽፋል። «ትዕዛዝ» በጋዜጣውም በመዝገቡም ሞልቷል፤ አንድም ሰው ተሳስቶ አያነበውም፣ ዳኛውም ለዚህ ብለው ረቂቅ አይመልሱም። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን መቀላቀሉን ብቻ ይተዉ። «ታዟል»ም እንዲሁ ነው፤ ሙሉ አጻጻፉ «ታዝዟል» ቢሆንም ሁለቱ «ዘ» በንግግር ጠብቀው አንድ ስለሚሆኑ አጭሩም ተቀባይነት አግኝቷል። እርስዎ የሚያረቅቁላቸው ዳኛ የትኛውን እንደሚጽፉ ከቀድሞ መዝገቦቻቸው አይተው እርሱን ይያዙ።