«ጭንቀቴ ይሆን እንዳላረግዝ ያደረገኝ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 32 ነው፤ የምሠራው ባንክ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል። መጀመሪያ ላይ የሦስት ወር መርፌ እወስድ ነበር፤ የመጨረሻውን ከተወጋሁ 13 ወር ሆነኝ። የወር አበባዬ ለወራት ጠፍቶ ቆይቶ ከተስተካከለ ስድስት ወሩ ነው፤ በ30 ወይም በ33 ቀን ይመጣል። በመጣ ቁጥር አለቅሳለሁ። ሰው ሁሉ «አትጨነቂ፣ ስትረሺው ይመጣል» ይለኛል። እኔ ግን አልቻልኩም፤ እንቅልፌም ተዛብቷል። ጭንቀቴ ይሆን እንዳላረግዝ ያደረገኝ? ባረግዝስ ልጁን ይጎዳው ይሆን? ጎረቤቴ «ማህፀን ያጥባል» ብላ ጤና አዳም አፍልቼ እንድጠጣ መክራኛለች፤ ልጠጣ? ባለቤቴ እስካሁን አልተመረመረም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ነገር ተነስቼ ጭንቀትዎ እርግዝናውን ከልክሏል ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም። ጭንቀት የመራቢያ ሆርሞኖችን ፈጽሞ አይነካም ማለቴ አይደለም። በጣም ሲበረታ፣ በተለይም ምግብ ከመቀነስ፣ ከክብደት መውረድ ወይም ከከባድ ስፖርት ጋር ሲደመር፣ አንጎል እንቁላል እንዲወጣ የሚልከውን ትእዛዝ ሊያቋርጥ ይችላል። ያ ሲሆን ግን የወር አበባም ይዛባል ወይም ጨርሶ ይቀራል። የእርስዎ በ30 እና በ33 ቀን መካከል ሳያቋርጥ መምጣቱ እንቁላል በየወሩ እየወጣ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ 14 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተናም በላቦራቶሪ እገዛ ለመፀነስ የሚታከሙ ከ3,500 በላይ ሴቶችን ተመልክቶ ነበር። ከሕክምናው በፊት የነበረባቸው ጭንቀት በዚያ ዙር ከመፀነስ አለመፀነሳቸው ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም።

«አትጨነቂ» የሚለው ምክር በቅን ልብ ይነገራል፤ ግን ጥፋቱን በሴቷ ላይ ይጥላል፣ ምርመራንም ያዘገያል። ጭንቀትዎን መቀነስ ያለብዎት እንዲያርፉና እንዲተኙ ነው። ልጅ ማግኛ ዘዴ አድርገው ከያዙት ግን የወር አበባ በመጣ ቁጥር «መረጋጋት አቅቶኝ ነው» እያሉ ራስዎን መክሰስዎ አይቀርም።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የሦስት ወር መርፌ ከቆመ በኋላ ሰውነት ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒቱ በጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ፣ ለመፀነስ የሚወስደው ጊዜ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ እስከ 10 ወር ይደርሳል፤ ከዚያ የሚዘገይባቸውም አሉ። መካን አያደርግም፤ ያዘገያል እንጂ። ስለዚህ የእርስዎን 13 ወር ሙሉ የሙከራ ጊዜ አድርጌ አልወስደውም። እንቁላል በየወሩ ወጥቷል ብለን የምንገምተው ላለፉት ስድስት ወራት ነው። ችግር የሌለባቸው ጥንዶች አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ፤ በስድስት ወር አለመፀነስ በ32 ዓመት ዕድሜ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ቀኖቹንም እንይ። ብዙ ሴቶች «14ኛው ቀን» የሚለውን ብቻ ይዘው ይጠብቃሉ። 14 የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ በፊት በ14 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ የእርስዎ ዑደት 30 ሲሆን በ16ኛው፣ 33 ሲሆን በ19ኛው ቀን አካባቢ ይወጣል ማለት ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ሲሆን፣ የወንዱ ዘር ግን በማህፀንና እንቁላሏ በምታልፍበት ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምረው ቆጥረው ከ11ኛው እስከ 20ኛው ቀን በየሁለት ቀኑ ብትገናኙ ይበቃል። ከብልት የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ የዶሮ እንቁላል ነጩ ክፍል የሚያንሸራትትና የሚለጠጥ ሲሆን ቀኑ መቅረቡን ያሳያል። ከግንኙነት በኋላ ብልትን በውስጥ መታጠብ አያስፈልግም። ቫዝሊንና አንዳንድ ማለስለሻዎች ደግሞ የዘሩን እንቅስቃሴ ስለሚያውኩ ይተዉአቸው። ቀን መቁጠሩ ራሱ ጭንቀት ከሆነባችሁ ይተዉትና ወሩን ሙሉ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ተገናኙ፤ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ባለቤትዎ መመርመር አለበት፤ አሁኑኑ። ልጅ በዘገየባቸው ጥንዶች ዘንድ የወንዱ ድርሻ በብዙዎቹ ውስጥ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። የዘር ምርመራ ደግሞ ሴቷ ከምታልፍባቸው ምርመራዎች ሁሉ ይቀላል። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀባል፤ ናሙናው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ይወሰዳል። ቤት ውስጥ ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ጊዜ፣ ሰውነት አጠገብ ተይዞ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት። በኮንዶም ማምጣት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ኮንዶሞች ዘሩን የሚገድል ወይም የሚያዳክም ነገር አላቸው። አንድ ውጤት ዝቅ ቢል ይደገማል እንጂ አይፈረድበትም። ሲጋራ፣ ብዙ አልኮልና ጫት፣ እንዲሁም ሳውናና በጣም የሞቀ ገላ መታጠቢያ ካለ ይቁም። አዲስ ዘር ለመሠራት ወደ ሦስት ወር ስለሚወስድ ለውጡ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

የእርስዎን እንቅልፍና ጭንቀት በተመለከተ አስቀድሜ የምመክረው ዝግ ያለ አተነፋፈስ ነው፤ ሥራ ቦታ ሆነውም ይችሉታል። ወንበር ላይ ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡ፤ አንድ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ የሚነሣው ሆድዎ እንጂ ትከሻዎ አይሁን። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠሩ ያውጡ። ለ5 ደቂቃ፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት። ብዙ ሰው «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል በኃይልና በፍጥነት ይስባል፤ ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል፣ ድንጋጤው ይብሳል። እንዲህ ከሆነብዎት አየሩን ያሳንሱ፤ ዋናው ነገር መዘግየቱ ነው። በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል፣ ማውራት እያስቻለ መዝፈን ግን በማያስችል ፍጥነት መራመድም እንቅልፍን ያሻሽላል፤ በእርግዝናም ጊዜ ሐኪም ካልከለከለ ይቀጥላል።

ቡና አይከለከልም። ግን ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና ማታ ዓይንን ያፈጣል። ለመፀነስ በሚሞከርበት ጊዜም ሆነ በእርግዝና ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። የሲኒውን ጥንካሬ ቤት ውስጥ መለካት ስለማይቻል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሲኒ ብቻ፣ ያውም እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይጠጡ። ከወዳጅ ጋር መቀመጡን አይተዉ፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ማለፍ ይቻላል። የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያርቁት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታልና።

ሰዎች «ምን አለ?» ብለው በጠየቁ ቁጥር የሚመልሱት አንድ አጭር ቃል ከባለቤትዎ ጋር ተስማምተው ይያዙ፤ «ሲኖር እንነግራችኋለን» ይበቃል። ቤተሰቡን የሚመልሰው እሱ ቢሆን ደግሞ ሸክሙ ከእርስዎ ይቀልላል።

ጤና አዳሙን አይጠጡ። ቡና ላይ ጣል የምትደረገዋን አንድ ቅጠል ማለቴ አይደለም፤ አፍልቶ በብዛት መጠጣት ግን ማህፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል፣ ሳያውቁት አርግዘው ከሆነ አደገኛ ነው። ኮሶም እንደዚሁ። ማህፀን መታጠብ አያስፈልገውም። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ በእምነትዎ ይቀጥሉ፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን አያቋርጡ። ጾምን በተመለከተ፣ ከፀነሱ በኋላ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ሙስሊም ከሆኑም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች አፍጥራ በኋላ እንድትከፍል ተፈቅዶላታል።

ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚገባ ነገር ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ እስከ 12ኛው ሳምንት። የጽንሱ አከርካሪና አንጎል የሚሠራበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ቀደም ሲል የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለዱ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ስኳር ያለባቸው ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋቸው ሐኪም ያዛል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ከአሁኑ ይቁም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፦ የሥራ ጫና፣ መነጫነጭ፣ አልፎ አልፎ ማልቀስ ልጅን አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ፣ ምግብና እንቅልፍ የነሳ፣ ተስፋ ያስቆረጠ ወይም ጭንቀቱን ማቆም ያቃተበት ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለው በጊዜ ካልታከመ ያለጊዜው ከመውለድና ከዝቅተኛ ክብደት ጋር ይያያዛል፤ ከወሊድ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ሕክምና አለው፤ በእርግዝና ጊዜም ጭምር። ለጭንቀት ወይም ለድብርት መድኃኒት የጀመረች ሴት «አረገዝኩ» ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ፤ ሐኪሟን ታማክር። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

የቀጣዮቹን ስድስት ወራት ሙከራ ሲጨርሱ፣ አልሆነ እንደሆነ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ዘንድ ሂዱ። የወር አበባ ቀናቱን የጻፉበትንና የባለቤትዎን የዘር ውጤት ይዘው ይግቡ። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ የወር አበባ ከሚመጣበት 7 ቀን ቀደም ብሎ የሚለካ ፕሮጄስትሮን (እንቁላል መውጣቱን የሚያሳይ ሆርሞን)፣ እንዲሁም ቱቦው ክፍት መሆኑን የሚያሳይ በቀለም የሚነሣ ኤክስሬይ ሊታዘዙ ይችላሉ። ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ሳንባ ነቀርሳ ከነበረብዎት፣ ወይም የወር አበባዎ ሲመጣ ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ካለዎት ግን ስድስቱን ወር አይጠብቁ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። የወር አበባዎ ቀርቶ በአንድ ወገን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ ደም መታየት ወይም ራስ መሳት ከመጣ፣ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረሱ።